የእኛ በዓልና የባልንጀራችን በዓል

እግዚአብሔር ዕለታትን ፈጥሮ ለሰው ልጅ ሲሰጥ፥ የሥራውን ቀን ለሥራ፥ የዕረፍቱን ቀን ለምስጋና ለይቶ ሰጥቶታል። ይህን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ሃይማኖታቸው ልዩ ልዩ የሆነ ሰዎች በአንድ ስፍራ አብረው ሲኖሩ፥ ልጆቻቸውም በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲማሩ፥ ትምህርት ቤቱ በማን በዓል ይዘጋ? በማንስ በዓል ይከፈት? የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ከሩቅ ሲታይ የቀን መቍጠሪያ ጥያቄ ይመስላል፤ ቀርበው ሲመረምሩት ግን የፍርድና የፍቅር ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ልጆቻችን በተበተኑበት አገር ሁሉ ካህናትና ወላጆች በየዓመቱ ስለሚገናኙት፥ ጥቂት ልጽፍበት ወደድሁ።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ነው። በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ ግዛት በማገለግልበት ጊዜ አንዲት እናት መስቀል ከተሳለመች በኋላ፥ «አባታችን፥ የገና ዕለት ልጄ ትልቅ ፈተና አለበት፤ ከትምህርት ቤት ላስቀረው ወይስ ልላከው? ምን ይላሉ?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ፥ «ልጄ፥ ፈተና በየጊዜው ይመጣል፤ የጌታ ልደት ግን በዓመት አንድ ቀን ነው፤ አምጪው» ብዬ አሰናበትኋት። ልጁም መጣ፤ ነጠላውን አደግድጎ ከመዘምራን ጋር ቆሞ ዘመረ። ወደ ትምህርት ቤት በተመለሰ ጊዜ ግን፥ አስቀድሞ ደብዳቤ የጻፈለት ሰው ስላልነበረ፥ የፈተናው ውጤት ባዶ ሆኖ ተመዘገበ። በዓመቱ ገና ሲደርስ ይኸው ልጅ፥ «እማዬ፥ ዘንድሮ አልቀርም፤ በዓል መሆኑንም ለማንም አትንገሪ» ብሎ አለቀሰ። እናቲቱ ይህን ስትነግረኝ ራሴን ወቀስሁ። እኛ ታላላቆቹ ልንሸከመው የሚገባንን ሸክም በዐሥራ ሁለት ዓመት ሕፃን ትከሻ ላይ የጫንሁት እኔ ነበርሁ። በዓልን የምናከብረው ልጁ በበዓሉ እንዲደሰት ነው እንጂ በበዓሉ እንዲያፍር አይደለም።

ከዚያ በኋላ የአገሩን ሥርዓት መመርመር ጀመርሁ። በዚያ አገር የመንግሥት ትምህርት ቤት የአንድ ሃይማኖት ገንዘብ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ መንግሥት ሃይማኖትን እንዳያቋቍም ስለሚከለክል፥ ትምህርት ቤት «ይህ ቀን ቅዱስ ነውና እዘጋለሁ» ለማለት አይችልም። አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው ከተማሪዎችና ከመምህራን ብዙዎቹ ስለሚቀሩ ማስተማር የማይመች ሲሆን ነው። በሜሪላንድም ሆነ በኒው ዮርክ ትምህርት በዓመት ቢያንስ 180 ቀን መሰጠት ስላለበት፥ ቀን ሁሉ በዓል ይሁን ቢባል አይሆንም። ይሁን እንጂ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በዲሴምበር 25 የሚውለው ልደት በመላው አገሪቱ የሕዝብ በዓል ነው። የሜሪላንድ ሕግም ከምዕራባውያን ትንሣኤ በፊት ያለውን ዓርብና ከትንሣኤው በኋላ ያለውን ሰኞ ትምህርት ቤት ከሚዘጋባቸው ቀኖች መካከል ቈጥሮአቸዋል። ስለዚህ ብዙ የሆነው ሕዝብ ሳይጠይቅ ያገኘውን፥ ጥቂት የሆነው ሕዝብ ለምኖና ተከራክሮ ይፈልገዋል።

በኒው ዮርክ ከተማ በአይሁድ ታላላቅ በዓላት ትምህርት ቤቶች መዘጋት የጀመሩት ከብዙ ዓመታት በፊት ነው፤ ከመምህራኑም ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ አይሁድ ነበሩና። ሙስሊሞች ብዙ ዘመን ከጠየቁ በኋላ፥ በዚያን ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች በነበሩባቸው የከተማይቱ ትምህርት ቤቶች፥ እ.ኤ.አ. በ2015 ዒድ አልፈጥርና ዒድ አልአድሐ ተጨመሩላቸው። በ2016 የእስያ ሕዝቦች የሚያከብሩት የጨረቃ አዲስ ዓመት፥ በ2023 በወጣ ሕግ ደግሞ ዲዋሊ የሚባለው የሂንዱዎች በዓል ተከተለ።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንዱ በሞንትጎመሪ አውራጃ የሆነው ግን ከዚህ ይለያል። በዚያ በአይሁድ ታላላቅ በዓላት ትምህርት ቤት ይዘጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ሙስሊሞች «የእኛም በዓል ከእነርሱ በዓል ጋር በቀን መቍጠሪያው ይጻፍልን» ብለው በጠየቁ ጊዜ፥ የትምህርት ቦርዱ የሃይማኖት በዓላትን ሁሉ ስም ከቀን መቍጠሪያው አወጣ። ይዘጋባቸው የነበሩት ቀኖች እንደ ተዘጉ ቀሩ፤ ስማቸው ብቻ ጠፋ። ይህ እኩልነት ይመስላል፤ ነገር ግን ለራበው ሰው እንጀራ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ የጠገበው ሰው ሌማት ተከድኖ እንዲቀመጥ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። የለመነው ምንም አልጨመረለትም፤ ያላቸውም ምንም አልጐደለባቸውም፤ ሁሉም ግን ቅር ተሰኙ። ቦርዱም በሚቀጥለው ዓመት ነገሩን እንደ ገና ተመልክቶ፥ በ2016 ዒድ አልአድሐ በሚውልበት ቀን ተማሪዎች ከትምህርት እንዲያርፉ ወሰነ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይገባል። አንደኛው የትምህርት ቤት ደጅ መዘጋት ነው፤ ሁለተኛው በበዓሉ የቀረው ልጅ አለመጐዳቱ ነው። የደጁ መዘጋት የቍጥር ነገር ነው፤ ዐሥር ልጆች ስለ ቀሩ አንድ ሺህ ልጆች ትምህርት ይቅርባቸው ማለት አይቻልም፤ በዚህ ጥቂት የሆነ ሕዝብ ቅር ሊሰኝ አይገባውም። የልጁ አለመጐዳት ግን ከቶ የቍጥር ነገር አይደለም። በትምህርት ቤቱ ውስጥ በዓሉን የሚያከብር አንድ ልጅ ብቻ ቢኖር እንኳ፥ ያ አንድ ልጅ ፈተናው በሌላ ቀን ሊሰጠው፥ የቀረበትን ትምህርት ሊያገኝ፥ በመምህሩና በጓደኞቹም ፊት ሳያፍር ሊገባ ይገባዋል። በቍጥር የሚታደለው ምቾት ነው፤ ፍርድ ግን ለአንዱም ለሺሁም እኩል ነው። የሜሪላንድ ሥርዓትም ስለ ሃይማኖት በዓል መቅረትን ከሕጋዊ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ይቀበላል። እኔ ያን ዓመት ይህን ሳላውቅ፥ ሳልጠይቅም፥ ልጁን ብቻውን ላክሁት።

ከምእመናን አንዳንዶቹ እንዲህ ይላሉ፤ «እኛ የራሳችንን በዓል እንጠይቅ፤ የሌላው ሃይማኖት በዓል ግን ምናችን ነው? ስለ እነርሱ ብንናገር እምነታቸውን እንደ መቀበል አይቈጠርብንምን?» ይህ ጥያቄ ከቅንዓተ ሃይማኖት የመጣ ስለ ሆነ ሊናቅ አይገባውም። ነገር ግን ኦሪት የሰንበትን ዕረፍት ለእስራኤል ብቻ አልሰጠችም፤ ለአገልጋዩም፥ በደጁ ለተቀመጠውም መጻተኛ ሰጠች እንጂ። ምክንያቱንም ስትገልጽ፥ እስራኤል ራሳቸው በግብፅ ባሮች እንደ ነበሩ እንዲያስቡ አዘዘች። በሐዋርያት ስም በተጻፈው ቀኖናም አገልጋዮች አምስት ቀን ሠርተው በቀዳሚትና በእሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው እንዲማሩ ተደንግጓል። ከዚህ እንደምንረዳው የዕረፍት ቀን ኃይል ያለው ለራሱ የሚወስደው ዕድል ብቻ አይደለም፤ ኃይል ለሌለው የሚከፈል ዕዳም ነው። ለባልንጀራ ዕረፍቱን መፍቀድ ከአምልኮቱ መተባበር አይደለም። ጌታችንም ሰዎች ሊያደርጉልን የምንወደውን እኛ እንድናደርግላቸው ሲያስተምር፥ ሃይማኖታቸውን ጠይቁ አላለም።

ይህም ነገር በባዕድ አገር ብቻ የሚሠራ አይደለም። ዛሬ በሜሪላንድ ጥቂት ሆነን የምንጠይቅ እኛ፥ በአገራችን ብዙ ሆነን በኖርንበት ዘመን ምን አድርገን ነበር? ገናችን፥ ጥምቀታችን፥ ስቅለታችን፥ መስቀላችን የሕዝብ በዓላት በነበሩበት ጊዜ፥ የሙስሊሙ ጎረቤታችን ልጅ በአረፋ ቀን ከቤተ ሰቡ ተለይቶ ወደ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደ ነበረ ከእኛ ስንቶቻችን አሰብን? ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሙስሊሞች በሰልፍ ወጥተው ካቀረቡአቸው ጥያቄዎች አንዱ በዓሎቻቸው የሕዝብ በዓላት ሆነው እንዲታወቁ ነበር። በዚያ ሰልፍ ላይ ከእነርሱ ጋር የተሰለፉ ክርስቲያኖችም ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር፥ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆነው ታወጁ። በዚህ ምክንያት ከገናችን አንዲት ሰዓት አልጐደለችም፤ ከጥምቀታችንም አንድ ታቦት በቤተ መቅደሱ አልቀረም። የባልንጀራ በዓል መከበር የእኛን በዓል እንደማያሳንስ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ያን ጊዜ ከተሰለፉት ክርስቲያኖች ጋር መቈጠር ክብር ነው፤ ዝም ካልነው ጋር መቈጠር ግን ንስሓ የሚያሻው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ደጁ ቢዘጋም በዓሉ በራሱ አይከበርም። እኛ በአብነት ትምህርት ቤት ባደግንበት ጊዜ በዓል ሲደርስ የዘወትሩ ትምህርት ይቋረጣል፤ ተማሪው ግን አያርፍም። ሌሊቱን በማሕሌት፥ መቋሚያውን ተደግፎ፥ ከየኔታ ኋላ ቆሞ ያድራል። በወር የተቀጸለውን በአንዲት ሌሊት ሲፈጸም በዓይኑ የሚያየው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ለእኛ የበዓል ቀን ጉባኤው የሚዘጋበት ብቻ ሳይሆን ትምህርቱ የሚከፈትበት ቀን ነበር። ዛሬ ግን ትምህርት ቤቱ በበዓላችን ቢዘጋልን፥ ልጁ እስከ ቀትር ተኝቶ፥ ከዚያም ስልኩን ይዞ ቢውል ምን ተጠቀምን? የዚህ ዓይነቱን ዕረፍት በመንግሥት ደጅ ቆሞ መለመን አያስፈልግም። የምንለምነው ቀኑን የምንሞላበት ነገር ሲኖረን ነው።

ስለዚህ ወላጆችን የምመክረው ይህን ነው። ገናችን በየዓመቱ በጃንዋሪ 7 ይውላልና ትምህርት ሲከፈት ቀኑን ለመምህራን በጽሑፍ አስታውቁ፤ ጥምቀትንና ዓርብ ስቅለትንም እንዲሁ። በ2017 ዓ.ም. ትንሣኤያችን ከምዕራባውያን ትንሣኤ ጋር ስለ ገጠመ የስቅለት ቀን በሜሪላንድ ትምህርት አልነበረም፤ በማይገጥምበት ዓመት ግን ልጁ በስግደት ፈንታ ከክፍል ይገኛልና አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ልጁም «ለምን ቀረህ?» ሲባል የሚመልሰውን አስተምሩት፤ የበዓሉን ምሥጢር የሚያውቅ ልጅ አያፍርምና። ካህናት ደግሞ «አምጡት» ከማለታችን በፊት «ጽፋችኋልን?» ብለን እንጠይቅ፤ መጻፍ ለማይችሉትም እንጻፍላቸው።

ያቺ እናት በሦስተኛው ዓመት ጻፈች። እንዴት እንደሚጻፍ ያሳየቻት እኔ አልነበርሁም፤ የልጇ የክፍል ጓደኛ የሆነች የአንዲት ሙስሊም ልጅ እናት ነበረች፤ እርስዋ ለአረፋ በየዓመቱ ትጽፍ ነበርና። የልጁም ፈተና ወደ ሌላ ቀን ተዛወረለት። ገና አልፎ፥ ወራትም አልፈው፥ የእነዚያ በዓል ሲቃረብ እናቲቱ ተመልሳ መጥታ፥ «አባታችን፥ ያቺ ልጅ በበዓላቸው ቀን ስትቀር፥ ያመለጣትን ትምህርት ልጄ ቢጽፍላት ነውር ይሆንብን ይሆን?» አለችኝ።

እኔም በዚህ ጊዜ ሳልቸኩል መለስሁላት፤ «ነውር አይደለም፥ ልጄ። አጥርቶ ይጻፍላት» አልኋት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።