ሊረዳ የመጣ እንግዳ

ውድ ወጣቶች፣ ክረምት ሲቃረብ በየኅብረታችሁ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ዕቅድ ይወጣል፤ የአቅመ ደካማ ቤት ማደስም ከዝርዝሩ አይጠፋም። መልካም ነው፣ ቀጥሉበት። ዛሬ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ልትረዱት የሄዳችሁት ሰው እናንተን ካበላችሁ፣ ረጂው ማን ነው?

ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከፍኖተ ሰላም አሥራ አራት ወጣቶች ይዤ በቡሬ ዙሪያ ወዳለ አንድ የገጠር መንደር ሄድኩ። ባላቸው የሞቱባቸው የአንዲት እናት ቤት አርጅቶ፣ ምርጊቱ ተራግፎ፣ ጣሪያው ያፈስ ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው። ሦስት ቀን ሠራን፣ ዘመርን፣ ፎቶ ተነሣን። እማማ ጠዋት ቡና ከቆሎ ጋር፣ ቀንና ማታ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልን። በላን፣ ጸለይንላቸው፣ ተመለስን።

በመስከረም ልጠይቃቸው ስሄድ ሁለት ነገር ጠበቀኝ። የመረግነው ጭቃ ሳይደርቅ ዝናብ እየመታው ግማሹ ወድቋል። ከጎረቤታቸውም እንደ ሰማሁት፣ እኛን ያበሉበት እህል አዝመራ ሲገባ የሚመለስ ብድር ነው። አፈርኩ። ገንዘብ አውጥቼ «ለእህሉ» ብዬ ስዘረጋላቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ ቤቴን ሆቴል አደረግኸው?» አሉኝ።

ወደ ከተማ ስመለስ ሁለት ስሕተት መሥራቴ ገባኝ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል።

የመጀመሪያው የጊዜ ነው። በእኛ ገጠር ቤት የሚሠራውና የሚመረገው በበጋ፣ እህል ከተወቃ በኋላ ነው። ያኔ ለጭቃው የሚሆን ጭድ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ጎተራውም ሙሉ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግን የዓምናው እህል የሚያልቅበት፣ የዘንድሮው ገና በማሳ ያለበት ጊዜ ነው። እኛ የሄድነው ቤቱ በሚታደስበት ወቅት ሳይሆን ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት ነው።

ሁለተኛው የክብር ነው። ወንፈልን ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ለእኔ የሠራህልኝን ነገ ለአንተ እሠራለሁ። ደቦ የጠራም ሰው ለሠራተኛው ይደግሳል። በሁለቱም ውስጥ «ተረጂ» የሚባል ሰው የለም። እኛ ግን ሠርተን የምንሄድ ነን፤ እማማ ወንፈላችንን የሚመልሱበት ማሳ የለንም። የቀራቸው መመለሻ እንጀራቸው ብቻ ነበር፤ እኔ በብር ስተምነው እርሱንም ነጠቅኋቸው።

እንግዲህ ምን ይሻላል? አለመብላት? ሐዋርያው ጳውሎስ በተሰሎንቄ ለማንም ሸክም ላለመሆን ሌትና ቀን እንደ ሠራ ጽፏል (1ኛ ተሰ. 2፥9)። ጌታ ደግሞ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ በገቡበት ቤት የቀረበላቸውን እንዲበሉ አዟል (ሉቃ. 10፥7-8)። አንዱን ይዘን ሌላውን ልንጥል አንችልም። «ኤልያስስ ከሰራፕታዋ መበለት በልቶ የለም?» የሚለኝ አይጠፋም። በልቷል፤ ነገር ግን ማድጋዋን እግዚአብሔር አላጎደለባትም። እኛ ማድጋ አጉድለን ነው የሄድነው።

በአውሮፓ አሮጌ የገጠር ቤት ገዝተው የሚያድሱ ሰዎች ከሌላ አገር የሚመጡ በጎ ፈቃደኞችን የሚቀበሉበት ልማድ አለ። እንግዳው በቀን የተወሰነ ሰዓት ይሠራል፣ ባለቤቱ ምግብና መኝታ ይሰጣል። ሁለቱም ምን እንደሚሰጡና ምን እንደሚቀበሉ አስቀድመው ያውቃሉ። እኛ እማማን ምን እንደሚያወጡ እንኳ አልጠየቅናቸውም። ሌላም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1938 ጆርጅ ማክላውድ የተባለ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሥራ ያጡ የእጅ ባለሙያዎችንና ለአገልግሎት የሚሠለጥኑ ወጣቶችን ይዞ በአዮና ደሴት የፈረሰውን ጥንታዊ ገዳም ማደስ ጀመረ። በዚያ ሥራ ላይ ወጣቶቹ ሰባኪዎች ለባለሙያዎቹ የጉልበት ሠራተኛ ሆኑ። የማያውቅ ሰው ከሚያውቀው ሥር ገባ ማለት ነው።

በጥር አምስት ብቻ ሆነን ወደ እማማ ተመለስን። ምርጊት የሚያውቅ የመንደሩን ሰው በቀን ሒሳብ ቀጠርን፤ እኛ ጭቃ ረገጥን፣ ውኃ ቀዳን። ዘመድ ጥየቃ ባዶ እጅ አይኬድምና ዱቄት፣ ሽሮና ቡና ይዘን ገባን፤ እማማም መርቀው ተቀበሉን። የሠሩትን ሁሉ በላን። ፎቶ ያነሣ አልነበረም።

በተከታዩ ዓመት ባለቤቴ ስትወልድ እማማ የገንፎ እህል ተሸክመው ፍኖተ ሰላም መጡ። አንድ ሳምንት ሙሉ ገንፎ እያገነፉ፣ ሕፃኗን እያጠቡ ቤታችን ሰነበቱ። ሲሄዱ መሳፈሪያ ልሰጣቸው እጄን ወደ ኪሴ ሰድጄ፣ ያ የሆቴል ነገር ትዝ አለኝና መለስኩት። ስንቅ ቋጥረን መናኸሪያ ድረስ ሸኘናቸው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ዕቅዳችሁን ስታወጡ ሦስት ጥያቄ ጨምሩበት። የምንሄድበት ጊዜ ለማን ይመቻል? የምንበላው ከማን ጎተራ ነው? የረዳነው ሰው አንድ ቀን በራችንን ቢያንኳኳ፣ እርሱ ሊረዳን እኛም ልንቀበለው ዝግጁ ነን? ለመስጠት ብዙዎቻችን ሠልጥነናል። መቀበልን ግን ገና ከእነ እማማ እንማራለን።