የሸጥኩት ጭስ የማን ነው?

ባለፈው ጥር ምስር ጭነን ከደነባ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ረዳቴ ድንገት፣ «ጋሼ፣ መኪናዋን ልትሸጣት ነው የሚባለው እውነት ነው?» አለኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ወጥቷል ማለት ነው። «እያሰብኩ ነው» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና፣ «እንግዲያው ለባዕድ ከምትሰጣት ለኔ ስጠኝ። እቁቤ ሊደርሰኝ ነው፤ ወንድሜም ሁለት በሬ ሸጦ ይጨምርልኛል» አለ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ከበደኝ። ለምን እንደከበደኝ ለማወቅ አንድ ወር ፈጀብኝ። ይሄን የምጽፈው እሱን ለመናገር ነው።

መኪናዬ አርባ ኩንታል የምጭንባት አሮጌ አይሱዙ ናት። ልጆቼን ያስተማረች፣ ቤቴን ቆርቆሮ ያለበሰች እሷ ናት፤ ክፉ አይወጣኝም። ግን ታጨሳለች። ዳገት ስትይዝ ከኋላ ያለው መንገድ እስኪጠፋ ታጨሳለች። ጥፋቱ የሠሪዋ አይደለም፣ የኔ ነው። ኖዝሏን ማስፈተሽ ሲገባኝ «ይቺን ጭነት ላድርስና» እያልኩ ስንት ዓመት አሳለፍኩ። ልሸጣት ያሰብኩት አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ «ግማሹን አንተ፣ ግማሹን እኔ አውጥተን የኤሌክትሪክ ሚኒባስ እንግዛ» ስላለኝ ነው። ከማደያ ሰልፍም እገላገላለሁ፣ ከጭስም እነጻለሁ ብዬ ነበር።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ የኳስ ደጋፊዎች ጭቅጭቅ ይመስለኛል። አንዱ «ባትሪው ሲሞት ምን ልታደርገው ነው?» ይላል፤ ሌላው «ቤንዚንና ናፍጣ ያለቀለት ነገር ነው» ይላል። እኔ መሪ ይዤ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ሞተር ደግሞ እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ አየር ሲያጥረው ጉልበቱ ይቀንሳል፣ በደንብ ያልተቃጠለው ናፍጣም ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። ለእሱ ጣርማበርም ሞጆም አንድ ነው። ቁልቁለቱን ደግሞ እዩት። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከሠራው ዋሻ ወጥቼ ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ማርሽ ቀንሼ፣ በሞተር ይዤ፣ የፍሬን ሸራ ሽታ እያሸተትኩ ነው። ዳገቱን ስወጣ የከፈልኩበት ጉልበት ቁልቁለቱ ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የኤሌክትሪክ መኪና ሲወርድ ግን ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ይሆንና ከዚያ ጉልበት የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። አገራችን ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ ለእኛ ታስቦ የተሠራ ይመስላል።

መብራቱም የራሳችን ነው። ከኤሌክትሪካችን ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ የተጣለው ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የገዛሁት የቦንድ ወረቀት እስካሁን ሳጥኔ ውስጥ አለ። ናፍጣው ግን በዶላር ተገዝቶ፣ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ በቦቴ ተጭኖ ነው እኔ ዘንድ የሚመጣው።

እንግዲያው ክርክሩ አልቋል ትሉኝ ይሆናል። ቆይ።

ደነባ ላይ ሆኜ ሳየው ሌላ ሂሳብ አለ። የኤሌክትሪክ የጭነት መኪና ዋጋ እኔ የማልደርስበት ነው። ብደርስበትስ፣ መንገድ ላይ መብራት በጠፋበት ከተማ ባድር አርባ ኩንታል ምስር ይዤ ምን ላድርግ? መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት እንኳን ናፍጣ በጀሪካን ከየትም ይመጣል፤ መብራትን በጀሪካን የሚሸከም የለም።

ለውጡ የመጣበትን መንገድም ተመልከቱ። በ2014 ለኤሌክትሪክ መኪና ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ኤክሳይስና ሱር ታክስ ተነሳለት። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ደግሞ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሳት ጀመረ፤ የቀረው ድጎማ ለሕዝብ ማመላለሻ ነበር፣ እህል ለሚጭን አልነበረም። ጥር 2016 ላይ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና ብር ወደቀ። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። አንድ ላይ ሲደመሩ ግን፣ መግዛት ለሚችለው ታክስ ቀለለለት፤ ለማይችለው ናፍጣ ተወደደበት። የናፍጣው ጭማሪ ደግሞ እኔ ጋ አይቀርም። ምስሩ ውስጥ ገብቶ እህል በረንዳ ይወርዳል፤ ከዚያ ወጥ ውስጥ ይገባል። የሚከፍለው መኪና የሌለው ሰው ነው።

ካንት የሚባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ ሰው ይገባዋል የምንለው የሚችለውን ነው የሚል ሐሳብ አለው። እኔም በራሴ ቋንቋ እሱን ስል ኖሬያለሁ፦ «አልችልም፤ ስለዚህ አልወቀስም።» በዚህ ቃል ስንት ዳገት በሰላም ወጥቻለሁ መሰላችሁ። አንድ ቀን ግን ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ ሞተር ሳላጠፋ ቆሜ፣ ቆሎ የምትሸጥ ሴትዮ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ስትይዝ አየኋት። እ.ኤ.አ. በ2012 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ ካንሰር አምጪ መሆኑን አረጋግጦ ከሲጋራ ጋር አንድ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ኤሌክትሪክ መግዛት አልችልም፤ እውነት ነው። ሞተር ማጥፋት አልችልም ወይ? ኖዝል ማስጠገን አልችልም ወይ? «አልችልም» ትልቁን ነገር እያየች የምትነገር ቃል ናት፤ የምንችለውን ትንሹን ነገር ከኋላዋ ትደብቅልናለች።

አሁን ወደ ረዳቴ ጥያቄ ልመለስ። የከበደኝ ይሄ ነው፦ መኪናዋን ብሸጣት ጭሱ አይቆምም። ያው መንገድ ላይ፣ ያቺው ሴትዮ ፊት፣ በሌላ ሰው ስም ይቀጥላል። እኔ አዲስ አበባ በጸጥታ በሚሄድ ሚኒባስ ተቀምጬ «ነጻሁ» እላለሁ። በእውነት ያደረግኩት ግን ኃጢአቴን ዋጋ ቆርጬለት መሸጥ ብቻ ነው። ያውም አተርፍበታለሁ!

ይሄ የኔ ብቻ ነገር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪኖች ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ሌላው ዓለም መላካቸውን ይናገራል፤ ትልቁ ድርሻ አፍሪካ ገብቷል። እዚያ ከተማቸው ጸዳ፤ መኪኖቹ እኛ ጋ ያጨሳሉ። እኛም አገር ውስጥ ያንኑ እንደግመዋለን፦ ከአዲስ አበባ ወደ ክፍለ ሀገር፣ ከክፍለ ሀገር ወደ ገጠር። ደነባ የዚህ ሰልፍ ጅራት አካባቢ ናት። ኤሌክትሪኩም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም። ለብዙ ባትሪ የሚያስፈልገው ኮባልት አብዛኛው የሚወጣው ከኮንጎ ነው፤ እዚያ ሕፃናት ጭምር በእጃቸው ይቆፍራሉ። ኮባልት የሌለው የባትሪ ዓይነት በቻይና መኪኖች መብዛቱ ተስፋ ነው። ቢሆንም ንጹሕ ነገር ስንገዛ «ቆሻሻው የት ሄደ?» ብሎ መጠየቅ ደግ ነው።

እና ምን ይሻላል? ቆራርጬ ለብረት ለቃሚ ልስጣት? ይሄን ሐሳብ ለረዳቴ ነገርኩት። ሲናደድ አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ተናደደ። «ጋሼ፣ አንተ በጭስ ነው ቤት የሠራኸው። የኔ ተራ ሲደርስ ጭስ ነውር ሆነ?»

መልስ አጣሁ። አፍሪካ ዓለምን ስትለው የኖረችው ይሄንኑ ነው። አህጉራችን ዓለምን ከሚያሞቀው ጋዝ የምታወጣው ከ4 በመቶ አይበልጥም፤ ሌሎቹ በከሰልና በዘይት ከበለጸጉ በኋላ «እናንተ ተቆጠቡ» ሲሉን እንናደዳለን። እኔም ለካ ለረዳቴ ሀብታም አገር ሆኜበታለሁ።

ግን አንድ ነገር ደግሞ ነበረ፤ ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ የምትባል ከተማ አለች። በጥንት ጊዜ ከታጁራ የባሕር ዳርቻ የሚመጣው የነጋዴ ቅፍለት ማረፊያ ነበረች፤ ጨውና ጨርቅ በግመልና በበቅሎ ይገባባት ነበር። ቀስ በቀስ ገበያው ሄደ፣ በኋላም ባቡርና መኪና መጡ። የመጨረሻውን አጋሰስ በጥሩ ዋጋ የሸጠው ሰው ብልጥ ነበር። የገዛውስ? ምናልባት ረዳቴን የመጨረሻ ገዢ ላደርገው ነው። ጭሱን ብቻ ሳይሆን፣ ዛሬ በሁለት በሬና በእቁብ የሚገዛትን መኪና ከአሥር ዓመት በኋላ የሚገዛው ላይኖር የሚችልበትን ዕድልም አብሬ ልሸጥለት ነው።

አያቴ በሬ ሲሸጥ አመሉን ሳይናገር ገንዘብ አይቀበልም ነበር። «ይዋጋል» ወይም «በፀሐይ አይጎትትም» ይላል፤ ገዢው አስቦበት ይገዛል ወይ ይተዋል። ሞኝነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ አንድን ሸክም ለሌላ ስታሳልፍ ቢያንስ ክብደቱን መንገር አለብህ። እኛም የተነሳንበት ይሄው ነው። እነዚያን መኪኖች የላኩልን ሰዎች ክብደቱን አልነገሩንም።

ስለዚህ ረዳቴን አስቀመጥኩትና ደብተሬን ከፈትኩለት። በዓመት ስንት ሊትር ናፍጣ፣ ስንት ጎማ፣ ስንት ቀን ቆማ እንደዋለች፣ ምን እንደተረፈኝ አሳየሁት። የነዳጁን፣ የክልከላውን፣ የባትሪውን ነገር እንደማውቀው ነገርኩት። ኖዝሏን በራሴ ወጪ አስጠገንኩ። ከዋጋዋም ጥቂት ቀነስኩ፤ ቀሪውንም እየሠራ ይከፍለኛል። በሦስት ዓመት ውስጥ ልተዋት ቢል ያልከፈለውን ትቼለት መኪናዋን መልሼ እወስዳለሁ፤ የመጨረሻው ገዢ የሚያጣውን ብቻውን አያጣም።

ይሄ ሁሉ ንጹሕ አያደርገኝም። ጭስ አሁንም አለ። ሚኒባሱ ቢመጣም ነጻሁ አልልም፤ ወደ ሌላ መኪና ተዛወርኩ እላለሁ። ለእናንተ ለወጣቶቹ የምለው፣ ኤሌክትሪክ ይሻላል ወይ ስትባሉ «አዎ» በሉ፤ እኔም እላለሁ። ቀጥላችሁ ግን «አሮጌው ማን ጋ ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ባለፈው ሳምንት ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭነን የጣርማበርን ዳገት ስንወጣ መሪውን ለእሱ ሰጠሁት። በስፖኪዮ ወደ ኋላ እያየ፣ «ጋሼ፣ ቀንሷል» አለኝ። ወጣ ብዬ አየሁ። ቀንሷል፤ ግን አልጠፋም። «ገና አለ» አልኩት። «አይቻለሁ» አለ። ውሉን ከፋሲካ በኋላ እንጽፋለን ተባብለናል።