የአያት ድሪ ለማን ነው?

ሟችን ማስታወስ ማለት ምን ማለት ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ለቅሶ ቤት ከርሞ ያየ ሰው ግን ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል። አንዱ በአርባኛው ቀን በሬ ይታረድ ይላል፤ ሌላው ቢድዓ ነው ብሎ ተቆጥቶ ይወጣል፤ ሌላዋ ፎቶግራፉን በአበባ አስጊጣ ሳሎን ትሰቅላለች። ሁሉም የሚናገረው በፍቅር ስም ነው።

በላፍቶ ይኖሩ የነበሩት አያታችን የወሎ ሰው ነበሩ። ሐሙስ ሐሙስ ልጅና የልጅ ልጅ ከጀሞ፣ ከመካኒሳ፣ ከጎፋ ይሰበሰባል። ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሳይጠጣ፣ ዱዓው ሳይደረግ ማንም አይነሳም። ከግቢያቸው ጥግ የተከሉትን አሪቲና በሶብላ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይሉ ለጎረቤት ሁሉ ቆርጠው ይሰጡ ነበር። ከአንገታቸው የማይለይ የብር ድሪም ነበራቸው።

ወደ አኼራ ከሄዱ በኋላ ጭቅጭቅ የተነሳው በቤቱ ሳይሆን በዚያ ድሪ ነው። አባቷ ከእናቱ ቀድሞ የሞተባት፣ አያታችን ዘንድ ያደገች የልጅ ልጅ አለች። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ውዱእ ያስደረገቻቸው፣ ልብሳቸውን ያጠበችው እሷ ናት። «ድሪው ለማስታወሻ ይሰጠኝ» አለች። «ልጆች እያሉ የልጅ ልጅ አይወርስም» ተባለች።

ሕጉ እንደተባለው ነው። ሟች ወንድ ልጅ ትተው ከሆነ የሌላው ልጃቸው ልጆች ድርሻ የላቸውም። ጀበናም ይሁን ሙስሐፍ የሟች ንብረት የወራሾች ሐቅ ስለሆነ፣ «ለማስታወሻ» ብሎ ሳያስፈቅዱ ማንሳት አይቻልም። (የአርባው በሬ ከውርሱ ሲገዛስ ወራሾቹ አንድ በአንድ ተጠይቀው ነበር? ይህን ያነሳ ሰው አላየሁም።) ነገር ግን የውርስን ነገር የሚደነግገው ሱረቱ አን-ኒሳእ በ8ኛው አንቀጽ፣ ክፍፍሉ ላይ ድርሻ የሌላቸው ዘመዶች፣ የቲሞችና ድሆች ከተገኙ ከንብረቱ እንዲሰጣቸው፣ መልካም ቃልም እንዲነገራቸው ያዛል። ዑለማዎች ትእዛዙ ግዴታ ነው ወይስ የተወደደ በሚለው ተለያይተዋል፤ በውርስ አንቀጾች ተሽሯል ያሉም አሉ። መስጠቱን የነቀፈ ግን የለም። ግብጽ በ1946 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው የኑዛዜ ሕግ፣ አባቱ ለቀደመበት የልጅ ልጅ ከሲሶ የማይበልጥ የግዴታ ኑዛዜ አድርጋለች። አያታችንም በሕይወት ሳሉ ከንብረታቸው እስከ ሲሶ ሊናዘዙላት ይችሉ ነበር። ውድ አንባቢ፣ ከእኛ መካከል ለእናቱ ይህን ያስታወሰ ስንቱ ነው?

ስለ አንገት ጌጥ ከተነሳ አንድ ታሪክ አለ። ከበድር ዘመቻ በኋላ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ዘይነብ (ረ.ዐ.) የተማረከውን ባላቸውን አቡል-ዓስን ለማስፈታት በላኩት ቤዛ ውስጥ፣ እናታቸው ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ለሠርጋቸው የሰጧቸው የአንገት ጌጥ ነበረበት። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ነቢዩ ጌጡን ሲያዩ ልባቸው እጅግ ራራ። ይሁንና በገዛ ሥልጣናቸው አልመለሱትም። ሶሐቦቹን ፈቃዳቸው ከሆነ ምርኮኛዋን እንዲለቁላት፣ ንብረቷንም እንዲመልሱላት ጠየቁ። እነርሱም እሺ አሉ። የሟች ሚስታቸው ጌጥ እጃቸው ላይ እያለ የሌሎችን ሐቅ አልዘለሉም፤ ሐቁ የሌሎች ነው ብለውም ዝም አላሉም።

ኸዲጃን የሚያስታውሱት በእንባ ብቻ አልነበረም። በግ ሲያርዱ ለወዳጆቿ ሥጋ ይልኩ ነበር። እኛ ግን አያታችን አሪቲ ይሰጧቸው የነበሩ ጎረቤቶችን ከለቅሶው በኋላ ሄዶ የጠየቀ የለንም።

አበባውን በተመለከተ፣ ኮልፌ መቃብር ጽጌረዳ ይዘው የሄዱ ወጣቶቻችን ብዙ ተወቅሰዋል። ነቢዩ በሁለት መቃብሮች ላይ እርጥብ የተምር ዝንጣፊ ማስቀመጣቸው ተዘግቧል። ሶሐባው ቡረይዳ ይህንኑ ይዘው በመቃብራቸው እንዲደረግ ተናዘዋል፤ አል-ኸጧቢ ደግሞ ድርጊቱን ለሌላው አያዛምቱም። ቁጣችንን ግን በአንድ እቅፍ አበባ ላይ ጨርሰን ለየቲሟ ምንም አላስተረፍንም።

ድሪው እስከ ዛሬ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ወራሾቹ አምስት ናቸው። አራቱ ይሰጣት ብለዋል።