ያጨበጨብነው ለማን ነው?

ያለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ አራት ሆነን ከዓባይ ማዶ ተነሥተን ወደ ጣና ዳር ወረድን። አንድ የነገደ ወይጦ ሽማግሌ ሰው ከብቧቸው ታንኳ ይሠራሉ። ደረቁን ደንገል በጉልበታቸው ተጭነው በገመድ ጠፈሩት፤ ጫፉን ወደ ላይ ቆልምመው አሰሩት። በመጨረሻም ታንኳዋን ውሃው ላይ ለቀው ገቡባት። ወዝወዝ አለችና ተረጋጋች። አጨበጨብን።

ሲወጡ ከጋቢያቸው ጫፍ ቆሎ ፈተው «ልጆቼ፣ ያዙ እንጂ» አሉን። «ጾመኞች ነን፣ አባባ» አልን። ሰዓቱ አሥር አልፏል፤ ቆሎ ጾም እንደማያስፈታ ደግሞ እሳቸውም እኛም እናውቃለን። ዝም ብለው ጋቢያቸውን ቋጠሩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሥቶኛል፦ ሥራውን እያደነቁ ሠሪውን መጸየፍ ይቻላልን?

ሆላንዳዊው ቴዎ ያንሰን ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከፕላስቲክ ቱቦ «የባሕር ዳርቻ አውሬዎች» ይሠራል። ነፋስ ሲገፋቸው በብዙ እግር አሸዋው ላይ ይራመዳሉ፤ ሕዝብም ወጥቶ ያያቸዋል። ዓለም «ተንቀሳቃሽ ቅርጽ» ብሎ ከኪነ ጥበብ ቆጥሯቸዋል፤ ይገባቸዋልም። ታዲያ ታንኳስ? እሷም በእጅ የተሠራች፣ ሚዛኗን ጠብቃ የምትንቀሳቀስ ቅርጽ አይደለችምን?

«ታንኳማ ለዓሣና ለማገዶ ማመላለሻ ነው፤ ምን ኪነ ጥበብ አለው?» የሚለኝ አይጠፋም። እንዴ! ጥቅም ያለው ነገር ውበት አይኖረውም ያለው ማነው? ይልቅስ ልብ እንበል፦ ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ታንኳ ከሥራ በኋላ ወጥታ ፀሐይ ካልመታት ትበሰብሳለች። ብትቆይ ወራት ነው። ዕቃው እንዲህ ቶሎ ጠፊ ከሆነ ጥበቡ የሚኖረው የት ነው? መልሶ መላልሶ በሚሠራው እጅ ውስጥ ነዋ! እጁን ከተጸየፍን የምናደንቀው ምን ቀረን? የበሰበሰ ደንገል።

ነገደ ወይጦ ጉማሬ ይበላሉ እየተባለ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲሸሻቸው የኖሩ ወገኖች ናቸው። ሸማኔውና ቀጥቃጩም ከዚህ ንቀት አላመለጡም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። እኛ የተማርነው ስድቡን እርግጥ ትተነዋል፤ እንዲያውም «አባባ»፣ «እርስዎ» እንላለን። ንቀቱ ግን ከአፋችን ወርዶ እጃችን ላይ ቀርቷል። ለማጨብጨብ የተፈታው እጅ ቆሎ ለመቀበል ታሰረ።

አንባቢ ሆይ፣ ጭብጨባ ርካሽ ነው፤ ከሩቅም ይቻላል። ሰውን እንደ ሰው መቁጠር ግን አብሮ መቅረብን፣ ከአንድ እጅ መቅመስን ይጠይቃል። በመጪው ዓርብ ተመልሼ እሄዳለሁ። ሽማግሌው ቆሎውን ዳግም ይፈቱልኝ እንደሆነ እንጃ። ባይፈቱልኝም አልቀየምም፤ የዚያን ቀን ጋቢያቸውን ያስቋጠርናቸው እኛ ነን።