ስምንት ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

ወርቃ ላይ የቅዳሜው የወጣቶች ኅብረት «ስምንት ሰዓት ይጀመራል» ሲባል መቼ እንደሚጀመር ታውቃላችሁ። እኔም ለዓመታት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየደረስኩ እንደ ዘገየሁ አልቆጥረውም ነበር። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰዓት የሚለካው ምንድን ነው?

ጊዜን እንደሆነ አይቶት አያውቅም። ሰዓት ራሱን የሚደግም እንቅስቃሴ ይቆጥራል፤ ሥራው ይኸው ነው። በባትሪ በሚሠራው ሰዓት ውስጥ ትንሽ የኳርትዝ ክሪስታል አለች። ኤሌክትሪክ ሲደርሳት በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች፤ ሰዓቱ ያን ቆጥሮ አንድ ሰከንድ ይላል። ከ1967 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዓለም የተስማማበት ሰከንድ ደግሞ ከሲዚየም አቶም የሚወጣ ጨረር 9,192,631,770 ጊዜ የሚነዝርበት ቆይታ ነው። አያቶቻችን የቆጠሩት ፀሐይን ነበር። ጌዴኦ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ የንጋት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም፤ ቀንን ከንጋት መቁጠራችን ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ ሰዓታችሁ መሳሳቱን በምን ታውቃላችሁ? ሙቀትና ብርድ የክሪስታሏን ንዝረት በጥቂቱ ይለውጡታል፤ ለብቻዋ ሆና ግን ስህተቷን አታውቅም። ከሌላ ሰዓት ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ስለዚህ «ስምንት ሰዓት» ክሪስታሏ ውስጥ የለም፤ በእኔና በእናንተ መካከል ያለ ስምምነት ነው። ጌታ በማቴዎስ 5 ስለ መሐላ ሲያስተምር ቃላችን ያለ መሐላም እንዲታመን ፈልጓል። ቀጠሮስ ቃል አይደለም?

«እኛ ለሰው እንጂ ለሰዓት አንኖርም» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው። ጎረቤት ሐዘን ሲደርስበት ቀጠሮ ትቶ መሄድ ደግ ነገር ነው፤ ይህን በሰዓት አልለውጠውም። ነገር ግን ራሴን ስታዘበው ወደ ዲላ ለሚሄድ መኪና ዘግይቼ አላውቅም። የምዘገየው ይቅር ለሚሉኝ ብቻ ነበር።

ከገጠር ቀበሌ በእግሯ የምትመጣ አንዲት እህት አለች። ውኃ ቀድታ፣ የቤቱን ሥራ ጨርሳ ስምንት ሰዓት ላይ ባዶ አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። እኛ ስንሰበሰብ አንድ ሰዓቷ ሄዷል፤ ማታ እስከ ቤቷ የምትሄደው ደግሞ በጨለማ ነው። አንድም ቀን አጉረምርማ አልሰማኋትም።

ባለፈው ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ደረስኩ። ብቻዋን ነበረች። ስታየኝ ደንግጣ ብድግ አለችና፣ «ጋሼ፣ ምነው፣ በሰላም ነው?» አለችኝ።