ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል፦ ጥፋቱ የማን ነው?

 

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዛሬ የምናወራው ስለ ኮምፒውተር ነው። "ይሄ ከጁምዓ ጋር ምን አገናኘው?" እንዳትሉ። ትንሽ ታገሱ፤ መጨረሻው ወደ ሰው ሐቅ ነው የሚወስደን።

እስቲ እንዲህ አስብ። ለወራት ብር አጠራቅመሃል። ማዘርቦርዱን ከመርካቶ ገዛህ። ፕሮሰሰሩን የአክስትህ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ይዞልህ መጣ። ራሙንና ፓወር ሳፕላዩን ከሌላ ሱቅ አገኘህ። ከዒሻ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ፣ ቪዲዮ እያየህ፣ አንድ በአንድ ገጣጠምከው። "ቢስሚላህ" ብለህ ማብሪያውን ተጫንክ። ጭጭ። ወይም ደግሞ ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው።

በዚያች ቅጽበት ወደ ልብህ የሚመጣውን የመጀመሪያ ሐሳብ ልብ በል። ብዙ ጊዜ "ምኑ ይሆን የተበላሸው?" አይደለም። "ማነው የሸወደኝ?" ነው። ባለሱቁ ያገለገለ ዕቃ አሽጎ ሸጦልኛል። የአክስቴ ልጅ ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቆ ሰብሮብኛል። ገና አንድ ገመድ ነቅለህ ሳታይ ፍርዱ ተሰጠ።

እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አንደኛው ስለ ዕቃ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሰው ነው። ስለ ዕቃው ብትሳሳት የምትከስረው ጊዜህን ነው። ስለ ሰው ብትሳሳት ግን የሰው ሐቅ አንገትህ ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳትጨርስ ወደ ሁለተኛው አትለፍ።

እንግዲያው ከዕቃው እንጀምር። ነገሩን ለሚያውቁት ይህ ቀላል ነው፤ ለማያውቁት ግን ዛሬ ማታ ሊጠቅማቸው ይችላል።

ጭራሽ ምንም ድምፅ ከሌለው፣ መጀመሪያ ሶኬቱ ላይ መብራት መኖሩን እይ። ቀጥሎ ፓወር ሳፕላዩ ላይ ከኋላ በኩል ያለችውን ትንሽ ማብሪያ ተመልከት፤ ስንቱን ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣችው እሷ ናት። ከዚያ ባለ 24 ፒኑ ትልቁ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ እስከ መጨረሻው መግባቱን፣ ከኬዙ ማብሪያ የሚመጣው ቀጭን ሽቦም ማኑዋሉ ባሳየው ሁለት ፒን ላይ መሰካቱን አረጋግጥ። ያ ሽቦ አንድ ፒን ወደ ጎን ከሸሸ፣ ማብሪያውን እስከ ፈጅር ብትጫነው አይነሳም።

ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነስ? ፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካ፣ ብዙ ጊዜ ባለ 8 ፒን የሆነ ሌላ የኃይል ገመድ አለ፤ እሱ ተረስቶ ይሆናል። ራሙ "ቀጭ" እስኪል አልተጫነ ይሆናል። የስክሪኑ ኬብል ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካት ሲገባው ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ይሆናል። ስማቸው መጨረሻ ላይ "ኤፍ" ያለባቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውም፤ ከማዘርቦርዱ ስክሪን ብትጠብቅ አታገኝም። ዲዲአር 5 ራም ከሆነ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ራሙን ለማስተካከል ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቆያል፤ አንተ ተበላሸ ብለህ ታጠፋዋለህ፣ እሱም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አንዳንዴ የጎደለው ዕቃ ሳይሆን ሰብር ነው።

ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ለፕሮሰሰር፣ ለራም፣ ለግራፊክስ እና ለዲስክ የተመደቡ ትንንሽ መብራቶች አሉ። ሲነሳ ተራ በተራ በርተው ይጠፋሉ። አንዱ በርቶ ከቀረ፣ ነገሩ የቆመው እዚያ ጋ ነው ማለት ነው። ዕቃው ራሱ እየነገረህ ነው፤ አንተ ግን ስልክህን አንስተህ ባለሱቁን ልትወቅስ ቁጥሩን እየፈለግክ ነው።

ከሁሉም የሚያስተምረው ደግሞ ይህ ነው። ቢ450 የሚባለው የኤኤምዲ ማዘርቦርድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ራይዘን 5000 ፕሮሰሰሮች የወጡት በ2020 መጨረሻ ነው። በቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ ካልታደሰ፣ በኋላ የመጣውን ፕሮሰሰር አያውቀውም፤ ስለዚህ አይነሳም። ቦርዱ ጤነኛ ነው። ፕሮሰሰሩም ጤነኛ ነው። የሸጠልህም፣ ያመጣልህም ዕቃ አልሰበሩም። ጠፍቶ የነበረው መተዋወቅ ብቻ ነው። በሰው መካከልም እንዲህ ያለ ነገር ስንት ጊዜ ይገጥመናል? ሁለት ጤነኛ ሰዎች ሳይግባቡ ይቀራሉ፤ እኛ ግን የግድ አንዱን ጥፋተኛ ካላደረግን አንተኛም።

አሁን ወደ ፍተሻው እንምጣ። ባለሙያዎች አንድ ሕግ አላቸው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። መብራቱን ነቅለህ፣ እጅህን የኬዙን ብረት አስነክተህ፣ የማያስፈልገውን ሁሉ አውጣ። ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር ከማቀዝቀዣው ጋር፣ አንድ ራም እና ፓወር ሳፕላይ ይበቃል፤ ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ከሌለው ግራፊክስ ካርዱን ጨምር። ቦርዱን ከኬዙ አውጥተህ በመጣበት ካርቶን ላይ አስቀምጠህ ሞክር፤ ከሥሩ ያለቦታው የቀረ ብሎን ነክቶት ሊሆን ይችላልና። ተነሳ? አንድ ዕቃ ጨምር። እንደገና አስነሳ። ሌላ ጨምር።

ይህ ሕግ የቴክኒክ ብቻ እንዳይመስልህ። ሦስት ነገር በአንዴ ቀይረህ ኮምፒውተሩ ቢነሳልህ፣ ኮምፒውተር አገኘህ እንጂ እውቀት አላገኘህም። ጥፋቱ ከሦስቱ የትኛው እንደነበር አታውቅም። ሳታውቅ ደግሞ ማንን ትከሳለህ? "ራሙን ቀይሬ ተነሳልኝ፣ ስለዚህ የሸጥክልኝ ራም ብልሹ ነው" የምትለው ነገር፣ ምናልባት አሮጌውን ራም ነቅለህ መልሰህ ብትጫነው ይነሳ የነበረ ነው። የተነሳ ኮምፒውተር ማስረጃ አይደለም። ማስረጃ የሚሆነው በትዕግሥት የተደረገ ፍተሻ ነው።

እዚህ ጋ ብዙዎቻችን የምንረሳት አንዲት አማና አለች። ለመፈተሽ ብለህ ከጓደኛህ ራም ወይም ግራፊክስ ካርድ ትዋሳለህ። ግን የአንተ ፓወር ሳፕላይ ችግር ካለበት፣ የጓደኛህን ጤነኛ ዕቃ ሊያቃጥለው ይችላል። "ለአምስት ደቂቃ ስጠኝ" ብለህ ከመውሰድህ በፊት፣ "ፓወር ሳፕላዬን ጠርጥሬዋለሁ፤ አደጋ ሊኖረው ይችላል፤ ቢበላሽ እኔ እተካዋለሁ" ብለህ ንገረው። አውቆ ከሰጠህ ውለታ ዋለልህ። ሳያውቅ ከሰጠህ ግን ያልፈቀደውን አደጋ አሸክመኸዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን።

ሁሉንም ፈትሸህ አልነሳ አለ። በመጨረሻ ፕሮሰሰሩን አንስተህ በስልክህ መብራት ሶኬቱን ስታይ፣ ጥግ ላይ ሁለት ፒኖች ታጥፈዋል። ኤልጂኤ 1700 የሚባለው የኢንቴል ሶኬት 1700 ፒኖች አሉት፤ እጅግ ቀጫጭን ናቸው። ፕሮሰሰሩ ሲገጠም ትንሽ ካዘነበለ ወይም ከእጅ ካመለጠ ይታጠፋሉ። ከሱቅ ታጥፈው መጥተው ይሆን? ወይስ አንተ ስትገጥም ነው? ከመግጠምህ በፊት ሶኬቱን አስተውለህ አላየኸውም። አታውቅም። ባለሱቁም አያውቅም። የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

ነፍስያ ፈጥና ትመጣለች። "እንደዚህ ሆኖ ነው የመጣው በለው። ውሸት መሆኑን እርግጠኛ አይደለህም እኮ!" ትልሃለች። ወይም ደግሞ፣ "ምንም አትበል። የፕላስቲክ ክዳኑን መልስ፣ ካርቶኑን አሽግ፣ 'አይሰራም' ብለህ ስጠው። አይሰራም ማለት ውሸት አይደለም" ትልሃለች።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ እዚህ ጋ አንድ የምናውቀውን ታሪክ አስታውሱ። አቡ ሁረይራ ያስተላለፉት፣ ሙስሊምም የዘገቡት ነው። ረሱል ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም በገበያ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ጣቶቻቸውን እርጥበት ነካቸው። ባለቤቱን ምን እንደሆነ ሲጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነም ተናገሩ።

ይህን ታሪክ ሁላችንም ሰምተነዋል። ግን አንድ ነገር አስተውል። ሰውየው እህሉን ውሃ አላፈሰሰበትም። ዝናብ ነው የመታው። ለእርጥበቱ ጥፋተኛ አልነበረም። የተጠየቀውም "ማን አረጠበው?" ተብሎ አይደለም። የተጠየቀው ለምን ከሥር እንዳደረገው ነው።

መልሱ እዚህ ጋ ነው። አንተ ሌሊቱን ሙሉ ስትጨነቅበት የነበረው ጥያቄ "ጥፋቱ የማን ነው?" የሚል ነበር። እሱን ላታውቀው ትችላለህ። ሐቀኛ ለመሆን ግን የግድ እሱን ማወቅ አይጠበቅብህም። የሚጠበቅብህ እርጥቡን ከላይ ማድረግ ነው። ባለሱቁ ጋ ሂድና ያየኸውን ያየኸውን ያህል ንገረው፦ "ከመግጠሜ በፊት ሶኬቱን አላየሁትም። ገጠምኩት፣ አልነሳ አለኝ። ሳነሳው እነዚህ ሁለት ፒኖች ታጥፈው አገኘኋቸው። ከዚህ እንደመጡ ወይም እኔ እንዳጠፍኳቸው አላውቅም።" አበቃ። ያልሠራኸውን ጥፋት ተሸከም አልተባልክም። ያላየኸውንም መስክር አልተባልክም። የምታውቀውንና የማታውቀውን ለይተህ አስቀምጥለት፤ እሱም አውቆ ይወስን።

"ባለሱቆቹስ እኛን አያታልሉንም?" ትለኝ ይሆናል። የሚያታልል አለ። ያገለገለ ዕቃ አሽጎ እንደ አዲስ የሚሸጥ፣ እሱም እርጥቡን ከሥር ደብቋል፤ ሒሳቡ ከጌታው ጋር ነው። ግን ዕቃውን ልትመልስ የሄድክ ቀን ቦታ ትለዋወጣላችሁ። አሁን ክምሩን የያዝከው አንተ ነህ፤ እጁን የሚያስገባው እሱ ነው። የእሱ ማታለል ያንተን ሐላል አያደርገውም።

"ዋስትናው ለዚህ አይደል?" ትል ይሆናል። ዋስትና ቃል ኪዳን ነው፤ የሚሸፍነውና የማይሸፍነው ነገር አለው። ሲገጠም የታጠፈ ፒን በአብዛኛው ከማይሸፈነው ወገን ነው። ባለሱቁ ደግሞ ሁልጊዜ ሀብታም ነጋዴ አይምሰልህ። ከአስመጪ በጥሬ ብር ገዝቶ፣ አስመጪው አልቀበልም ቢለው ዕቃው እጁ ላይ የሚቀር አለ። "አይሰራም" ብለህ በሁለት ቃል የሸፈንከው ነገር ከልጆቹ ጉርሻ ሊቀነስ ይችላል።

በሌላ በኩል፣ በትዕግሥት ፈትሸህ ዕቃው ከመጀመሪያውም ብልሹ እንደነበር ከተረጋገጠልህ፣ ሐቅህን ጠይቅ። ዝም ብሎ መበደል ዲን አይደለም። በመልካም ቃል፣ የፈተሽከውን እያሳየህ ጠይቅ። በጩኸት የሚጀምር ሰው ሐቁ እንኳ ቢኖረው ጩኸቱ ይሸፍንበታል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ምናልባት ሳትፈትሽ በፊት በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ "እገሌ ያመጣልኝ ፕሮሰሰር ተሰብሮ ነው የመጣው" ብለህ ጽፈህ ይሆናል። በኋላ የተረሳ ገመድ ሆኖ ከተገኘ፣ ለእሱ ለብቻው "አፉ በለኝ" ማለት አይበቃም። በሃያ ሰው ፊት የጣልከውን ስም በሃያ ሰው ፊት አንሳው። "ገመድ ረስቼ ነበር፤ ያመጣልኝ ዕቃ ጤነኛ ነው" ብሎ መጻፍ አንድ ደቂቃ ነው። ለነፍስ ግን ከባድ ነው፤ ምንዳውም ለዚያ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጥክ ወንድሜ፣ የተቀመጥሽ እህቴ፦ መጀመሪያ የራስህን እጅ መርምር። አንድ በአንድ ፈትሽ። የምታውቀውን ከምትጠረጥረው ለይ። እርጥብ ካገኘህ፣ ማንም ያርጥበው፣ ከላይ አድርገው።

አላህ ሐቅን አይተን የምንከተል፣ ሳናውቅ በሰው ላይ ከመፍረድ የምንቆጠብ፣ በአማናችን የምንታመን ያድርገን። የበደልናቸውን ሰዎች አፉታ ለመጠየቅ ድፍረቱን ይስጠን። አሚን።