ነቃ ወይስ ተሸረፈ?

አያቴ ስድስት ብርሌ አላቸው። ለሠርጋቸው የተሰጧቸው ናቸው። ኮልፌ አጠና ተራ አጠገብ ባለው ቤታችን ከቡፌው የሚወጡት ለበዓል ብቻ ነው። ባለፈው ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አቧራቸውን ላጥብ ብዬ አንዱን ከቧንቧው ጋር አጋጨሁት። አልተሰበረም። ከአፉ ላይ የምስር ክክ የምታህል ስባሪ ተፈናጥራ ሄደች፣ በቃ። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ብርሌውን በፎጣ ጠቅልዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ለስልክ ስክሪን የገዛሁት፣ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚደርቅ ሙጫ ነበረኝ። መጀመሪያ የተሸረፈውን ጠርዝ ውሃ እያስነካሁ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ በደረቁ ከተፈተገ ብናኙ ለሳንባ ጠንቅ ነው። ከዚያ በስንጥር ጫፍ ሙጫውን ጠብታ በጠብታ ሞላሁ፣ መብራቱን አበራሁበት፣ ሲደርቅ ወለወልኩት። ስብራት ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከአየር ወደ ብርጭቆ ሲሻገር ስለሚታጠፍ ነው። የዚህ መታጠፍ መለኪያ ለብርጭቆ 1.5 ገደማ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሙጫም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ብርሃኑ ድንበሩን ሳያውቀው ያልፋል። ሥራዬ አኮራኝ። ብርሌውን ወደ ቡፌው መለስኩት፤ ለማንም ምንም አልተናገርኩም።

የፋሲካ ዕለት አያቴ ስድስቱንም ጠጅ ሞልተው በትሪ አቀረቡ። ያኔ ነው የደነገጥኩት። የትኛው እንደሆነ እኔም አልለየሁትም። ያ ሙጫ ለስልክ እንጂ ለሰው አፍ የተሠራ አይደለም። ጠጅ ደግሞ አልኮልም አሲድም አለው። ከጎረቤቶቻችን አንዱ ያንን ብርሌ ይዞ እየሳቀ ነበር፤ ማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለውን ተረት የማውቀው ከልጅነቴ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ግን ስለ ብርሌ ሲወራ አልነበረም። አክስቴ ትዳሯን ትታ ወደ ቤት የተመለሰች ጊዜ አንድ ሽማግሌ ሳሎናችን ተቀምጠው ተናገሩት። እሷ ቡና እያፈላች ነበር፤ ቀና አላለችም። ከዚያ ወዲህ ተረቱን ጠላሁት።

የተሸረፈውን ብርሌ በእጄ ይዤ ሳገላብጥ ግን ቃሉን ልብ አልኩት፦ «ከነቃ» ነው የሚለው፣ «ከተሸረፈ» አይደለም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1920 ብርጭቆ ከሚገባው በላይ በቀላሉ የሚሰበርበትን ምክንያት ሲያስረዳ ጣቱን የቀሰረው በጥቃቅን ስንጥቆች ላይ ነው። ኃይል ስንጥቁ ጫፍ ላይ ይከማቻል። ስንጥቁ በረዘመ ቁጥር ደግሞ እንዲቀጥል የሚያስፈልገው ኃይል ያንሳል። ሽራፊ የወሰደውን ወስዶ ሊያበቃ ይችላል፤ ንቃት ግን ይቀጥላል። እናቶቻችን ይህን በጥፍር ነካ አድርገው ያውቁታል፤ ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የነቃው ድምፁ ይታፈናል።

ስለዚህ ተረቱ ስለ ብርጭቆ እውነቱን ነው። ስህተቱ ሰው ላይ ሲመጣ ነው። ብርጭቆ ስንጥቁን የሚያቆምበት ምንም አቅም የለውም። ብረት እንኳ ለጥ ብሎ ኃይሉን ያበርዳል፤ አጥንት ደግሞ ራሱን ይጠግናል። አክስቴ አጥንት ነበረች፤ የፈረዱባት ግን በብርጭቆ ሕግ ነው።

እንግዲህ መጠገን ይቻላል ካልን፣ ጥገናን መደበቅስ? የእኔ ሥራ ኮድ መጻፍ ነው። እኛ ዘንድ ማን፣ መቼ፣ ምኑን እንዳስተካከለ ጊት ላይ ይመዘገባል። ማንም የማያውቀው ጥገና ያስፈራናል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ሳያውቅ ይደገፍበታላ። የብራና መጻሕፍቶቻችንን ያየ ሰው ደግሞ ያውቃል፦ ቆዳው የተቀደደበት ቦታ በክር ተሰፍቷል፣ ስፌቱም በግልጽ ይታያል። ማንም ስፌት አለበት ብሎ መጽሐፉን አልጣለውም።

ታዲያ አክስቴም ስፌቷን ለመጣው ሁሉ ማሳየት ነበረባት? እዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ። የደረስኩበት ይህ ነው፦ ጥገናውን የማወቅ መብት ያለው አፉን የሚያስጠጋበት ሰው ነው። ሳሎን ተቀምጠው የፈረዱት ሽማግሌ ከአክስቴ ሕይወት የሚጠጡት አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ምንም ልትነግራቸው አይገባም ነበር። ጎረቤታችን ግን ከእኔ ብርሌ እየጠጣ ነበር። ለእሱ ዝም ማለቴ ውሸት ነው።

ጓዳ ገብቼ «እማማ፣ አንዱን ብርሌ ሸርፌ ጠግኜዋለሁ፤ መጠጣት የለበትም» አልኳቸው። አልተቆጡም። ወጥተው «ብርጭቆ ይሻላችኋል» ብለው ስድስቱንም ሰበሰቡ። ጓዳ መልሰው አንድ በአንድ በጥፍራቸው መቱ፤ ሁሉም ጥርት ብለው ጮኹ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን በአፎቻቸው ዙሪያ አዞሩ። አራተኛው ላይ ቆሙ።

«ይቺ ናት። ጎበዝ ነሽ፣ ለዓይን አትታይም» አሉ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

መልስ አልነበረኝም።

ያቺ ብርሌ አሁን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆማለች፤ ጤና አዳም ይሰኩባታል። አያቴ አንገቷ ላይ ቀይ ክር አስረውባታል፣ ማንም ተሳስቶ እንዳይቀዳባት። እንግዳ ክሩ ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ «ልጄ ሸርፋ የጠገነቻት ናት» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን እሸማቀቅ ነበር። አሁን ከጎናቸው ተቀምጬ የቀረውን እኔ እተርካለሁ።